ትንፋሽ በምን ይሰፈራል? የሳንባን ይዘት የመለካት ታሪክ



ሐኪም ቤት ሄዶ በቱቦ ውስጥ እንዲተነፍስ የታዘዘ ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም። አፍንጫው በመቆንጠጫ ይያዛል፣ ቱቦው አፉ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ መርማሪዋ «ሳብ፣ ሳብ! አሁን ንፋ፣ ንፋ፣ ጨርስ!» እያለች ትጮህበታለች። በመጨረሻ ቁጥር የሞላበት ወረቀት ይሰጠዋል። ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ «ደህና ነህ» ወይም «ሳንባህ ተጎድቷል» የሚያሰኘውን ልክ ማን እንደወሰነው ግን የሚነግረው የለም። እኛም በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ የዚህን ምርመራ ታሪክ ለማቅረብ ያሰብነው፣ ነገሩን ስንመረምረው የሐኪሞች ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውና የቤተሰቡም ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው ነው። በዚህ ቁጥር ካሣ ያገኘ አለ፤ በዚሁ ቁጥር ካሣ የተከለከለም አለ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

እህል በቁና ይሰፈራል፣ ዘይት በሊትር ይለካል። ትንፋሽ ግን አይታይ፣ አይጨበጥ፤ ታዲያ በምን ይሰፈራል? ጥያቄው የቆየ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ሐኪም ጋሌን አንድን ልጅ በፊኛ ውስጥ አየር እንዲያስገባና እንዲያስወጣ አድርጎ መጠኑን ለማየት ሞክሯል። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ ቦሬሊ የተባለ ጣሊያናዊ ሊቅ አፍንጫን ይዞ በቱቦ ውኃ ወደ ላይ በመሳብ፣ ውኃው የወጣበትን ከፍታ እያየ በአንድ ትንፋሽ የሚገባውን አየር ገመተ። ይህን የጻፈበት መጽሐፍ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። እንግዲህ አፍንጫን መቆንጠጥ የዛሬ ፈጠራ አይደለም ማለት ነው።

የዚህ ታሪክ ዋናው ሰው ግን ጆን ሐቺንሰን የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በ1811 በሰሜን እንግሊዝ፣ ኒውካስል ከተባለው የከሰል ድንጋይ አገር አጠገብ ተወለደ። ሐቺንሰን ለአንድ የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ሐኪም ሆኖ ሠርቷልና የመሣሪያው ሐሳብ ከዚህ ሥራው ጋር የተያያዘ ነው። ኢንሹራንስ የሚፈልገው መቼም ይታወቃል፤ ሊመዘገብ ከመጣው ሰው ውስጥ ቶሎ የሚሞተው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ነው። የኛ እድር እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም። መዋጮውን የከፈለ ሁሉ ሳንባው ሰፊም ይሁን ጠባብ ድንኳኑ ይተከልለታል፣ ንፍሮው ይቀቀልለታል። በዚያን ጊዜ በለንደን ግን ከሁሉ ይበልጥ ሰው የሚጨርሰው የሳንባ ነቀርሳ ስለነበረ፣ በሽታውን ገና ሳይገለጥ የሚያጋልጥ መሣሪያ ቢገኝ ለሐኪሙም ለኩባንያውም ትልቅ ነገር ነበር።

ሐቺንሰን የሠራው መሣሪያ ሲያዩት ቀላል ነው። ውኃ የተሞላ በርሜል መሰል ዕቃ አለ። በውኃው ውስጥ አፉ ወደ ታች የተደፋ ሌላ ዕቃ ይገባል። ይህ የተደፋው ዕቃ በገመድና በመዘውር ከማመዛዘኛ ክብደት ጋር ስለተያያዘ በትንሽ ኃይል ወደ ላይ ይነሳል። ሰውየው መጀመሪያ አየሩን እስከ መጨረሻው ይስባል፤ ከዚያ በቱቦው ውስጥ እስከ መጨረሻው ይነፋል። ትንፋሹ ከተደፋው ዕቃ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ የተነሳበትን ልክ ከጎኑ ካለው መስፈሪያ ማንበብ ብቻ ነው። መሣሪያውን «ስፓይሮሜትር» አለው፤ ትርጉሙ የትንፋሽ መለኪያ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ተነፍቶ የሚወጣውን አየር ደግሞ «ቫይታል ካፓሲቲ» ብሎ ሰየመው፤ ወደኛ ቋንቋ ብናመጣው የሕይወት አቅም እንደማለት ነው። ሁለቱም ስሞች ዛሬም ሐኪም ቤት ይሠራባቸዋል።

በእኛ አስተያየት የሐቺንሰን ትልቁ ሥራ መሣሪያው ሳይሆን ድካሙ ነው። በ1846 ባወጣው ጽሑፍ የ2,130 ሰዎችን ትንፋሽ ለክቶ አቅርቧል። መርከበኛው፣ ፖሊሱ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው፣ ቦክሰኛው፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛው፣ የንጉሥ ዘበኛው፣ በመንግሥት ድርጎ የሚኖረው ድሃ፣ በመጨረሻም «ጨዋ» የሚባለው ባለጸጋ ሁሉ በየተራ ቱቦውን ነፍቷል። ከዚህ ሁሉ ቆጠራ የወጣው ሕግ የትንፋሽ ልክ ከሁሉ ይልቅ ከቁመት ጋር እንደሚሄድ ነው። በቁመት ላይ አንድ ኢንች ሲጨመር በትንፋሹ ላይ 8 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 130 ሲሲ ያህል ይጨመራል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ልኩ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ አንድን ሰው ለመመርመር ቁመቱን ለክቶ፣ ዕድሜውን ጠይቆ፣ «አንተን ከመሰለ ጤነኛ ይህን ያህል ይጠበቃል» ማለት ተቻለ። ይህቺ «ይጠበቃል» የምትለዋ ቃል ኋላ ብዙ ጣጣ ታመጣለችና አንባቢ ይያዝልን።

መሣሪያው ምን ያህል እንደሚያይ ለማሳየት ሐቺንሰን የጻፈው የአንድ ግዙፍ ሰው ታሪክ አለ። ፍሪማን የሚባል ከአሜሪካ የመጣ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአሥር የደረሰ ቦክሰኛ ነው። በ1842 ሲለካ 434 ኪዩቢክ ኢንች ነፋ፤ ይህም ከ7 ሊትር በላይ ነው። የተራ ሰው ትንፋሽ ከ3 እስከ 5 ሊትር መሆኑን ስናስብ ምን ዓይነት ደረት እንደነበረው ይታየናል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰውየው ታምሞ መጣ። ሲለካ ትንፋሹ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ቀንሶ ተገኘ። ሐቺንሰን ማዳመጥ ወደሚያውቁ ሐኪሞች ወሰደው፤ እነሱም ደረቱን በማዳመጫ አዳምጠው «ምንም በሽታ የለበትም» አሉ። ፍሪማን ግን በ1845 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ጆሮ ያልሰማውን በርሜሉ አውቆት ነበር ማለት ነው።

ሐቺንሰን ራሱ እንግሊዝ አገር አልቆየም። በ1852 ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ወርቅ ወደሚቆፈርበት ወደ አውስትራልያ ሄደ። በ1861 ከዚያ ወደ ፊጂ ደሴቶች ተሻግሮ በዚያው ዓመት አረፈ። በኋላ ዓለም ሁሉ የሚሠራበትን መሣሪያ ያበጀ ሰው መጨረሻው እንዲህ ሆነ።

እስቲ አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ ነገር እንለፍ። ሰው የቻለውን ያህል ነፍቶ «በቃኝ፣ አለቀ» ቢልም ሳንባው ባዶ አይሆንም። በአዋቂ ሰው ከአንድ ሊትር የሚበልጥ አየር ውስጥ ይቀራል። ባይቀር ኖሮ ሳንባችን በየትንፋሹ እንደ እርጥብ ከረጢት ይጣበቅ ነበር። ይህ ቀሪ አየር ወደ በርሜሉ አይመጣምና በሐቺንሰን መሣሪያ አይለካም። ታዲያ የማይወጣ ነገር እንዴት ይሰፈራል?

ብልሃቱን በጠላ ጋን ምሳሌ ብናስረዳ ይቀላል። በአንድ ጋን ውስጥ ምን ያህል ውኃ እንዳለ ማወቅ ፈለግን እንበል፤ ጋኑ አይገለበጥም፣ ውስጡም አይታይም። አንድ ኩባያ ማር ጨምረን ብናማስለውና ብንቀምሰው፣ ጣፋጭነቱ ከቀነሰ ውኃው ብዙ ነበር፤ ጣፋጭነቱ ካየለ ትንሽ ነበር ማለት ነው። ሐምፍሪ ዴቪ የተባለ እንግሊዛዊ ገና የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ሳለ፣ ብሪስቶል ከተማ ባለ የጋዝ ሕክምና ተቋም ውስጥ ይህንኑ በገዛ ሳንባው ላይ ሞከረ። በማሩ ፈንታ የተጠቀመው ሃይድሮጅን ነው። ልኩ የታወቀ ሃይድሮጅን ስቦ፣ ከውስጡ አየር ጋር እንዲደባለቅ አድርጎ፣ ሲያስወጣው ምን ያህል እንደቀጠነ አየ። ውጤቱንም በ1800 አሳተመ። ሃይድሮጅን በእሳት የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሆነ ድፍረቱ የሚያስገርም ነው። በኛ ዘመን ሐኪም ቤቶች የሚጠቀሙት ሂልየምን ነው፤ ሂልየም አይቀጣጠልም፣ ወደ ደምም እምብዛም አይገባም። ሌላም መንገድ አለ። በሽተኛው ንጹሕ ኦክሲጅን እየሳበ በሳንባው የነበረው ናይትሮጅን እስኪታጠብ ይተነፍሳል፤ የወጣው ናይትሮጅን ተሰብስቦ ሲለካ ሳንባው ውስጥ የነበረው አየር ይታወቃል። ይህን ኒውዮርክ ውስጥ በ1940 በሚገባ ያደራጁት ኩርናንና ሪቻርድስ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ነው። ሁለቱ ኋላ በልብ ምርመራ ሥራቸው በ1956 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ናቸው።

ይሁን እንጂ የማሩም ብልሃት ጉድለት አለው። የሳንባው አንዳንድ ክፍል በአክታ ወይም በጠባሳ ከተዘጋ ጋዙ እዚያ አይደርስም፤ ያልደረሰበት ደግሞ አይቆጠርም። በ1956 በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ አርተር ዱቦይስና ጁሊየስ ኮምሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር መላ አገኙለት። በሽተኛውን የስልክ መደወያ ክፍል በምታህል የታሸገች ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። በቱቦው እየተነፈሰ ሳለ ቱቦው ድንገት ይዘጋል፤ እሱ ግን ለመተንፈስ መታገሉን አይተውም። ደረቱ ሲሰፋ በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ይታመቃል፤ በሳንባው ውስጥ ያለው ደግሞ ይሳሳል። የብስክሌት ጎማ መንፊያን ጫፍ በአውራ ጣቱ ደፍኖ የገፋ ሁሉ አየር ሲታመቅ እንዴት እንደሚጠነክር ያውቀዋል። ቦይል የተባለው ሊቅ በ1662 ይህን በሕግ አስቀምጦታልና፣ ከሁለቱ ግፊቶች ተነስቶ በደረት ውስጥ ያለውን አየር በሙሉ፣ የተዘጋበትንም ጭምር፣ ማስላት ይቻላል። ዛሬም በትልልቅ ሐኪም ቤቶች ሳጥኑ አለ፤ በርካታ ሰው «መቃብር መሰለኝ» ብሎ ይፈራዋል ይባላል። እኛ እድርተኞች እንዲህ ያለውን ቃል በቀላሉ ባናነሳው ይሻል ነበር።

ከመጠኑ ሌላ ፍጥነቱም ይለካል። በ1947 ፓሪስ ውስጥ ቲፍኖና ፒኔሊ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በአንድ ሰከንድ የሚወጣውን አየር ለብቻው መቁጠር እንደሚጠቅም አሳዩ። ጤነኛ አዋቂ ከትንፋሹ ሦስት አራተኛውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ በመጀመሪያው ሰከንድ ያወጣል። አስም ያለበት ወይም ሲጋራ ሳንባውን የጎዳው ሰው ግን አፉ እንደጠበበ ገንቦ ነው፤ ውስጡ ሙሉ ሆኖ ቶሎ አይፈስለትም። መርማሪዋ «ንፋ! ንፋ!» እያለች የምትጮኸው ለዚህ ነው እንጂ ተቆጥታ አይደለም።

እስካሁን የነገርናችሁ መልካሙን ነው። አሁን ወደዚያች «ይጠበቃል» ወደምትለው ቃል እንመለስ።

ቁጥር ብቻውን አይናገርም። ሦስት ሊትር ለአጭር አሮጊት ብዙ ነው፤ ለረጅም ጎረምሳ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የተለካው ሁልጊዜ ከሚጠበቀው ጋር ይመዛዘናል። የሚጠበቀውን የሚወስነው ሠንጠረዥ ነው፤ ሠንጠረዡን የሚያዘጋጀው ደግሞ ሰው ነው። በእንግሊዝ፣ በዌልስ የከሰል ድንጋይ ቆፋሪዎች ሳንባቸው በብናኝ ተበልቶ ሲያልቅ፣ በ1943 ካሣ የሚከፈልበት ደንብ ወጣላቸው። በ1945 ደግሞ ካርዲፍ ከተማ አጠገብ ይህንኑ በሽታ የሚያጠና የምርምር ክፍል ተቋቋመ፤ ትንፋሽ መለካትም ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ሆነ። ለበርሜሉና ለቱቦው ዳኝነት የመጣላቸው ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

በአሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ ነበር። ገና ባርነት ሳይሻር፣ ካርትራይት የተባለ የሉዊዚያና ሐኪም የጥቁሮች ሳንባ ከነጮች በመቶ 20 ያህል ያንሳል ብሎ ጻፈ። ሰውየው የባርያ ጌቶች ጠበቃ ነበር። ከዚህም ተነስቶ፣ ጥቁሩ ደሙ የሚጸዳው ጌታው በግድ ሲያሠራው ነው እስከ ማለት ደረሰ። ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ በ1869 ጉልድ የሚባል የከዋክብት ሊቅ የወታደሮችን ልኬት ሰብስቦ ሲያሳትም፣ የጥቁር ወታደሮች ትንፋሽ አንሶ መገኘቱን በሠንጠረዥ አወጣ። ከባርነት ገና የወጣ ሰው ምን በልቶ እንዳደገ፣ በምን ጎጆ እንደኖረ፣ ስንቴ እንደታመመ ሠንጠረዡ አልጠየቀም። ቁጥሩ ግን ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ አንድ መቶ ዓመት አለፈ።

በ1978 የአሜሪካ መንግሥት ስለ ጥጥ ብናኝ ባወጣው የፋብሪካ ደንብ ላይ ከጥቁር ሠራተኛ የሚጠበቀው ትንፋሽ በመቶ 15 ተቀንሶ እንዲሰላ ተጻፈ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በሒሳብ እንየው። ሁለት ሠራተኞች ቁመታቸውም ዕድሜያቸውም እኩል ነው። ከነጩ 4 ሊትር ይጠበቃል፤ ከጥቁሩ 3 ሊትር ከ400 ሲሲ። ሁለቱም ሲነፉ 3 ሊትር ከ400 ሲሲ ወጣቸው። ነጩ «በመቶ 85፣ ቀንሷል» ይባላል። ጥቁሩ «በመቶ 100፣ ደህና ነህ፣ ወደ ሥራህ ተመለስ» ይባላል። ያው ትንፋሽ፣ ያው መሣሪያ፣ ሁለት ፍርድ። በ1999 ባልቲሞር ከተማ ኦወንስ ኮርኒንግ የሚባለው ኩባንያ በአስቤስቶስ ሳንባችን ተጎዳ ብለው ከከሰሱት ውስጥ ጥቁሮቹ ከነጮቹ የባሰ ጉዳት እንዲያሳዩ ይጠየቁልኝ ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ዳኛው አልተቀበሉትም። በሐኪም ቤቶች ግን ስሌቱ በመሣሪያዎቹ ውስጥ እንዳለ ቀጠለ፤ መርማሪው ዘሩን ሲሞላ ማሽኑ በራሱ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ ለመሆን እንሞክር። ሐኪሞቹ በአማካይ ልዩነት አይተናል ሲሉ ሁሉም ውሸት ነው አንልም። የእግር ርዝመትና የአካል ርዝመት ድርሻው በሰዎች መካከል ይለያያል፤ ምግብ፣ ጭስ፣ የልጅነት በሽታም ይጨመርበታል። እኛ የምንቃወመው ይህን ሁሉ በአንድ ቃል፣ «ጥቁር» በሚለው፣ ጠቅልሎ በመቶ 15 መቁረጡን ነው። ለዚህ ምስክሩ የገዛ አገራችን ነው። በ1969 የእንግሊዝ ንጉሣዊ ማኅበር ባሳተመው ጥናት፣ ተመራማሪዎች በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለችውን ደባርቅንና 1,500 ሜትር ያህል ላይ ያለችውን አዲ አርቃይን አነጻጽረዋል፤ ደረትንና ትንፋሽንም ለክተዋል። የደጋው ሰው ደረቱም ትንፋሹም ከቆላው በልጦ ተገኘ። በአንድ አውራጃ ውስጥ፣ አንድ ተራራ በለያቸው ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት ካለ፣ ደባርቅ ያደገውም አዲ አርቃይ ያደገውም አሜሪካ ሄዶ ቱቦ ሲነፋ በዚያው በአንዱ ሣጥን መቆጠሩ ምን ዓይነት ልክ ነው?

የጥጡ ብናኝ ነገርም ሩቅ አይደለም። በ1991 በታተመ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ ጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞች ተመርምረው ነበር። ጥጥ በሚነፋበት ክፍል ከሚሠሩት ከመቶ 43 ያህሉ፣ በሚበጠርበት ክፍል ደግሞ ከመቶ 37 የሚበልጡት በጥጥ ብናኝ የሚመጣው የደረት በሽታ ምልክት ተገኝቶባቸዋል። እነዚህ ሰዎች በዚያ የአሜሪካ ደንብ ተለክተው ቢሆን ኖሮ ስንቶቹ «ደህና ናችሁ» ይባሉ እንደነበር አንባቢ ያስበው።

በ2023 የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር ዘርን ለይቶ ማስላት ቀርቶ ለሁሉም አንድ ስሌት እንዲሠራበት አሳሰበ፤ አዲሱ ስሌት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ታትሞ ነበር። በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ በአዲሱ ስሌት ቢሠራ ለጥቁር የቀድሞ ወታደሮች የሚከፈለው የአካል ጉዳት ካሣ በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊጨምር እንደሚችል ገመተ። ነገሩ ሌላም ጎን አለው። ትናንት «ደህና» የተባለው ጥቁር በአዲሱ ስሌት «የቀነሰ» ሲባል፣ የሳንባ ቀዶ ጥገና ሊከለከል ወይም ጤና የሚጠይቅ ሥራ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞቹ ክርክራቸውን ገና አልዘጉም።

አባሎቻችን ይህን ምርመራ ሲያደርጉ በወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ያገኛሉ፤ የነፉት፣ የሚጠበቀው፣ ከመቶ ስንት እንደሆነ። ቁመት በግምት ከተሞላ የሚጠበቀው ይሳሳታልና ጫማ አውልቆ መለካት ያስፈልጋል። ዘር የሚል ቦታ ካለም በየትኛው ስሌት እንደተሠራ መጠየቅ መብት ነው። ከሁሉ ይልቅ ወረቀቱን አትጣሉት። ፍሪማንን ያጋለጠው የሌላ ሰው ሠንጠረዥ ሳይሆን የገዛ ራሱ የሁለት ዓመት በፊት ቁጥር ነው። በብናኝና በጭስ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሥራ የጀመረበትን ጊዜ ወረቀት ከእድር ደብተሩ ጋር ቢያኖረው፣ ከዓመታት በኋላ ሲለካ የሚያመዛዝነው ከራሱ ጋር ይሆናል።